እንጀራው ስንት ግራም ነው? ስኳር ያለባቸውን ታዳጊዎች ካርቦሃይድሬት ቆጠራ ማስተማሪያ

ጎንደር ላይ አንድ ታዳጊ «ስኳር አለብህ» ሲባል ወዲያው የሚሰማው የክልከላ ዝርዝር ነው፦ ስኳር ተው፣ ለስላሳ ተው፣ ሙዝ ተው፣ ማር ተው። እንጀራ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። «ጤፍ ስኳር አያመጣም» የሚለው ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። ልጁም ሻዩን መራራውን ጠጥቶ አንድ ሙሉ እንጀራ ይበላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለኪያው 320 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ሲያሳይ ቤተሰቡ ሁሉ ግራ ይጋባል። ሻዩ ውስጥ ሳይገባ የተተወው ስኳር 10 ግራም ነበር። የተበላው እንጀራ ግን 120 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሲፈጭ ደም ውስጥ ስኳር የሚሆነውን የምግብ ክፍል፣ ይዟል።

ይህ መመሪያ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ልጆችን ለሚያስተምሩ ነርሶች፣ ወላጆችና የትምህርት ቤት ክበብ መምህራን ነው። ትምህርቱ በአራት ቀጠሮ ያልቃል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ45 ደቂቃ ባልበለጠ። የሚመዝነው፣ የሚደምረውና የሚጽፈው ልጁ ራሱ ይሁን። እናት ከመዘነች የተማረችው እናት ናት፤ ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል እሷ አብራው አትውልም።

ከሁሉ በፊት የሚወጋውን ኢንሱሊን እወቁ

ቆጠራው ምን እንደሚጠቅም የሚወስነው የኢንሱሊኑ ዓይነት ነው። ይህን ሳያጣሩ ማስተማር የጀመሩ ሰዎች ልጁን ያሳስቱታል።

ልጁ ቅልቅሉን 70/30 (ደፍራሹና ሬጉላሩ ኢንሱሊን በአንድ ላይ የተቀላቀሉበትን) ጧትና ማታ የሚወጋ ከሆነ መጠኑ በሐኪም የተወሰነ ነው፤ ምግብ በበዛና ባነሰ ቁጥር መርፌውን ከፍና ዝቅ ማድረግ አይችልም። ለእሱ ቆጠራ ማለት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ግራም መብላት ነው። ለምሳሌ ቁርስ 60፣ የረፋድ መክሰስ 15፣ ምሳ 60፣ የከሰዓት መክሰስ 15፣ እራት 60፣ ከመኝታ በፊት 15። ቁጥሮቹን የክትትል ክሊኒኩ እንደ ልጁ ክብደትና እንቅስቃሴ ያስተካክላቸዋል። መክሰሱ ለምን እንዳስፈለገ ልጁ ይረዳ፦ በቅልቅሉ ውስጥ ያለው ደፍራሹ ኢንሱሊን (ኤንፒኤች) ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ጧት 1 ሰዓት የተወጋው ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። የፈተና ቀን መክሰስና ምሳ የዘለለ ልጅ እጁ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ውሃ የሚመስለውን ሬጉላር (ለአጭር ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን) ለየምግቡ፣ ደፍራሹን ደግሞ ለብቻው የሚወጋ ከሆነ ግን የምግቡን መርፌ ከቆጠረው ግራም ጋር ማዛመድ ይቻላል። ወደዚህ በስተመጨረሻ እንመለሳለን። ሁለቱንም ልጆች አንድ ክፍል አስቀምጦ ማስተማር ይቻላል፤ እስከ ሦስተኛው ቀጠሮ ትምህርታቸው አንድ ነው።

የሚያስፈልገው

ግራም የሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ቤት ውስጥ ዘወትር የሚሠራበት አንድ ጭልፋ፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ የስኳር መለኪያና ስትሪፕ። ሚዛን ከሌለ የሰፈር ባለሱቅ ጋ መዝኖ መመለስ ይበቃል፤ ደጋግሞ መመዘን የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። ጭልፋው ግን አይቀየር። የቤቱ ጭልፋ የቤቱ መስፈሪያ ነው፤ የጎረቤት ጭልፋ ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

አንደኛ ቀጠሮ፦ ምግብ መለየት

ቁጥር አታንሡ። ልጁ ትናንት የበላውን ሁሉ ይጻፍና በሦስት ይክፈለው።

የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ የሚቆጠረው ነው፦ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ፍራፍሬ፣ ማር፣ ስኳር፣ ለስላሳ። ሁለተኛው ሰዎች የሚረሱት ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ወተት። ሦስተኛው የማይቆጠረው፦ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ ስኳር የሌለው ቡና። አቮካዶም እዚህ ይገባል ማለት ይቻላል፤ ያለው በጣም ጥቂት ነው።

በዚህ ቀን ሁለት የተለመዱ ስህተቶች ይፍረሱ። ጥቁር እንጀራ፣ የዳጉሳም ይሁን የማሽላ፣ ከነጩ እምብዛም የተለየ ግራም የለውም፤ ልዩነቱን በዋናነት የሚያመጣው ሊጡ የያዘው ውሃ ነው። የጫካ ማርም ማር ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 17 ግራም ያህል አለው።

ሁለተኛ ቀጠሮ፦ ምጣዱን መለካት

ይህ የትምህርቱ ዋና ነው፤ ጊዜ ስጡት። ከውጭ የመጣ የምግብ ሰንጠረዥ የሰው አገር ቁራሽ ዳቦ እየጠቀሰ 15 ግራም ይላል፤ የእናንተን ምጣድ አያውቀውም። ስለዚህ ልጁ የቤቱን እንጀራ ይመዝን።

ከአንድ ጋገራ ሦስት እንጀራ ይምረጥ፦ ከመጀመሪያዎቹ አንድ፣ ከመሐል አንድ፣ ከመጨረሻ አንድ። ምጣዱ ገና በደንብ ሳይግል የወጣው እንጀራ ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፤ በእሱ ብቻ ከለካችሁ ትሳሳታላችሁ። ሦስቱንም በየተራ አጣጥፎ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጥ፣ ክብደታቸውን ደምሮ ለሦስት ያካፍል። እንጀራ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ስለዚህ አማካዩን እንደገና ለሦስት ማካፈል ብቻ ነው። 360 ግራም የሚመዝን እንጀራ 120 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው።

ቀጥሎ ቢላዋ። እንጀራውን ለሁለት፣ ግማሹን ለሁለት፣ ሩቡን ለሁለት፤ ስምንት ቁራጭ ይሆናል። 120 ለስምንት 15 ነው። ይህ ቁራጭ ከአሁን ወዲያ የልጁ መስፈሪያ ነው፤ «አንድ ድርሻ» በሉት። የቤታችሁ እንጀራ 300 ግራም ከሆነ ስምንተኛው ከ12 እስከ 13 ግራም ብቻ ይይዛል፣ 420 ከሆነ 17 ወይም 18። ቁጥሩን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ይጻፈው።

ከዚያ ሚዛኑን ደብቁትና ልጁ በዓይኑ ብቻ ሦስት ድርሻ ይቁረስ፤ በኋላ ይመዘን። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አሳንሶ ነው የሚገምተው። አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋገም። እኩዮቹ ካሉ ግምት ያወዳድሩ፤ ይህ ዕድሜ ውድድር ይወዳል። ከጠቅላላው ምግብ 10 ግራም ቢስት ችግር የለውም፣ «ጎበዝ» በሉት። 20 ግራም ሲስት ግን ከምግብ በኋላ ባለው ስኳር ላይ ይታያል።

ድርቆሽ ልዩ ነው። ውሃው ስለወጣ ካርቦሃይድሬቱ ከክብደቱ ከሦስት ሁለት እጁ በላይ ነው፤ በእርጥቡ እንጀራ ስሌት የቆጠረው ልጅ ግማሹን ሳይቆጥር ቀረ ማለት ነው። ለፍርፍር የሚሻለው ሳይፈረፈር በፊት ስንት ቁራጭ እንደገባ መቁጠር ነው፤ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አይለየውም። ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ደግሞ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይመዘን፤ መጠኑም ዱቄቱም ከጋጋሪ ጋጋሪ ይለያያል።

ሦስተኛ ቀጠሮ፦ ድስቱና መንገድ ዳሩ

ወጥን በጭልፋ እንቆጥራለን። እናት ሽሮ ከመሥራቷ በፊት ዱቄቱ ይመዘን፤ ከደረቅ ክብደቱ ግማሹን ካርቦሃይድሬት አድርጎ መያዝ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። 250 ግራም ሽሮ 125 ግራም ይሰጣል። ወጡ ሲያልቅ 12 ጭልፋ ከወጣው አንዱ ጭልፋ 10 ግራም ያህል ነው። ምስርና ክክም በዚሁ ስሌት ይሄዳሉ፤ ሳይቀቀሉ ይመዘኑ። የእህል ዱቄት፣ ማለትም በሶና ገንፎ፣ ከክብደቱ 70 በመቶ ያህል ነው፤ 50 ግራም ዱቄት የገባበት ገንፎ 35 ግራም ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ነርስ የማያነሣው ነገር አለ። እሑድ በቀይ ወጥ፣ ረቡዕ በሽሮና በምስር የሚበላው እንጀራ እኩል ቢሆንም ምግቡ እኩል አይደለም። ሥጋው የሚቆጠር ነገር የለውም፤ የጾሙ ወጥ ከ15 እስከ 25 ግራም ይጨምራል። «ያው እንጀራ በልቼ ረቡዕና ዓርብ ለምን ይጨምራል?» የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ መልሱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በተቃራኒው ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ስኳሩን ዘግይቶ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ቆይቶ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በሁለተኛው ሰዓት ጥሩ ቁጥር አይቶ የተኛ ልጅ ጧት ሲነሣ ይደነግጣል።

ሌላው በአጭሩ፣ ልጁ ደብተሩ ላይ የሚገለብጠው፦

ዳቦ፦ የክብደቱ ግማሽ። 80 ግራም የሚመዝን ዳቦ 40። ቦምቦሊኖም በግምት እንዲሁ።
የተቀቀለ ሩዝ ወይም ፓስታ፦ በ100 ግራም ከ25 እስከ 30።
ድንች፦ በ100 ግራም 20። ጡጫ የሚያህለው 30 ይሆናል።
ቆሎ፦ በአንድ መዳፍ የተዘገነ 30 ግራም ቢመዝን 20።
ትንሽ ሙዝ ወይም መካከለኛ ብርቱካን፦ ከ15 እስከ 18።
ወተት፦ አንድ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) 10።
ስኳር፦ ደልደል ያለ የሻይ ማንኪያ 4፣ የተከመረ 6 ወይም 7።
ለስላሳ፦ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 በላይ።
የማንጎ ጁስ፦ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስኳር ሳይጨመርበት እንኳ ከ35 እስከ 45።

ጁስ ቤት የገባ ታዳጊ «ያለ ስኳር» ብሎ ሲያዝ ነፃ የወጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህ የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብሎ ያንብበው። የታሸገ ብስኩት ላይ ደግሞ ሁለት ወጥመድ አለ፦ አንደኛው ቁጥሩ የተጻፈው ለ100 ግራም ይሁን ለአንድ ፍሬ አለማየት፣ ሁለተኛው «ስኳር» የሚለውን መስመር መውሰድ ነው። የሚወሰደው «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ነው፤ ስኳሩ በውስጡ ተቆጥሯል።

መሶቡ

ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ልጁን ለብቻው ሰሃን ሰጥቶ ማግለል ግን አይደለም መፍትሔው፤ እንዲህ ያደረጉ ቤቶች ልጁ ተደብቆ እንዲበላ አስተምረውታል። የሚሠራው ይህ ነው፦ የልጁ ቁራጮች ተቆጥረው ከፊቱ ይጣጠፉለት፣ ወጡ በጭልፋ ተለክቶ ከፊቱ ይውጣለት፣ ከዚያ እንደማንም ከመሶቡ ይብላ። ከወጥ ሥር ያለው ርሶ የሰፋው እንጀራም እንጀራ ነው፤ ይቆጠራል።

ጉርሻስ? አንድ ትልቅ ጉርሻ ከ20 እስከ 30 ግራም እንጀራ ይይዛል፣ ከ7 እስከ 10 ግራም ካርቦሃይድሬት ማለት ነው። አክስት ሦስት ጊዜ ካጎረሰች ሁለት ድርሻ ገብቷል። ጉርሻ አለመቀበል ነውር ስለሚሆን እንግዳ የሚመጣ ቀን ልጁ ከራሱ ቁራጭ ሁለቱን አስቀድሞ ያስቀር፤ ጉርሻው በዚያ ቦታ ይገባል። ሦስተኛ ቀጠሮን በዚህ ልምምድ፣ እውነተኛ ምሳ ቀርቦ፣ እየበሉ ጨርሱት።

አራተኛ ቀጠሮ፦ ከግራም ወደ ዩኒት

ይህ ክፍል ሬጉላር ለብቻው ለሚወጉት ነው፤ 70/30 የሚወጉት በዚህ ሰዓት የቀን ምግባቸውን በድርሻ ይከፋፍሉ። የሚከተለውን ስሌት ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ ሥራ ላይ አታውሉት፤ የመነሻ ግምት ነው።

በቀን የሚወጋው ኢንሱሊን ሁሉ ይደመር፤ 450 ለዚያ ድምር ይካፈል። በቀን 45 ዩኒት የሚወጋ ልጅ 450 ÷ 45 = 10፤ አንድ ዩኒት ሬጉላር 10 ግራም ይሸፍንለታል። እራቱ ሦስት የእንጀራ ድርሻ (45) እና ጭልፋ ተኩል ሽሮ (15) ከሆነ 60 ግራም ነው፣ 6 ዩኒት ይሆናል። ሬጉላር ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል፤ ቆጠራውም ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ወጡ ገና ሳይበስል የተወጋ ልጅ ቤት ውስጥ ችግር ይመጣል፤ መርፌው ምግቡ መድረሱ ሲረጋገጥ ይሁን።

ሲሪንጁንም ተመልከቱ። 100 ዩኒት የሚይዘው ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ የኢንሱሊን ሲሪንጅ አንዱ መስመር 2 ዩኒት ነው፤ ለዚህ ልጅ አንድ መስመር 20 ግራም ማለት ነው። በእሱ እየወጉ 3 ግራም ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። መስመሩ 1 ዩኒት የሆነው ባለ 0.5 ሚሊ ሊትሩ ቢገኝ ይሻላል።

ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ መለኪያው ነው። ስትሪፕ ውድ ነው፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ምግብ፣ ሁለት ስትሪፕ። ልጁ በደንብ የቆጠረውን ምግብ ከመብላቱ በፊት አንድ፣ ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ ይለካ። በተከታታይ ሦስት ሳምንት ከ180 በላይ ከወጣ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የጉርምስና ሆርሞን የኢንሱሊንን ጉልበት ይቀንሳል፤ የብዙ ታዳጊ የቁርስ መርፌ ከእራቱ ጠንከር ማለት ያስፈልገዋል፤ በልጃገረዶች ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል። ይህን ከሐኪም በፊት ለልጅቷ የሚነግራት ሰው ይኑር፤ በቡድን መሐል ግን አይሁን።

ትልቁ አደጋ ድርብርብ መርፌ ነው። ሬጉላር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። በሁለተኛው ሰዓት 250 አይቶ ተጨማሪ የወጋ ልጅ ሁለቱ መርፌዎች ተደርበው እኩለ ሌሊት ላይ ይጥሉታል። የሚቀጥለው ምግብ እስኪደርስ ይጠብቅ። ነገር ግን ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚያስመልሰው፣ ሆዱን የሚያመው ወይም ትንፋሹ የሚፈጥን ከሆነ ጉዳዩ የቆጠራ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ሲያንስ

ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ሳይኖር ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየ 15 ግራም ፈጣን ስኳር፦ አራት ደልደል ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። 15 ደቂቃ ጠብቆ መለካት፤ ካልተነሣ መድገም። ቆሎና ዳቦ ለዚህ ሰዓት አይሆኑም፤ ይዘገያሉ። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በጎን አስተኝቶ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። ይህ 15 ግራም ከዕለቱ ምግብ አይቀነስም፣ መርፌም አይወጋበትም።

የጎንደር ዳገት በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ዳገት የሚወጣ ልጅ ከመነሣቱ በፊት አንድ ድርሻ ቢበላ ይጠቅመዋል። ጥር 10 እና 11 ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርድ፣ የሚዘፍንና የሚጨፍር ልጅ ደግሞ በየሰዓቱ 15 ግራም ያህል ሊያስፈልገው ይችላል፤ ኪሱ ውስጥ ስኳር፣ አጠገቡ ደግሞ ምልክቱን የሚያውቅ ጓደኛ ይኑረው። የዕለቱ መርፌ ይቀነስ እንደሆነ ከበዓሉ በፊት ባለው ቀጠሮ ጠይቁ።

ጾምን በተመለከተ፣ ጧት 70/30 ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ልጁን ይጥለዋል። የታመመ ሰው ከሰዓት ጾም ነፃ እንደሚሆን ነፍስ አባቱ ራሳቸው ቢነግሩት ከእናንተ ይልቅ ይሰማል፤ በረመዳንም እንዲሁ ከሼኩ ጋር ይመካከሩ። የጾም ምግብ መብላት ግን አያስቸግርም፤ ከላይ እንዳልነው የወጡን ጭልፋ መቁጠር ነው። ጸበል የሚሄድ ልጅም ኢንሱሊኑን ይዞ ይሂድ፤ መርፌው አንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም፣ ምግብ ባይበላም የመጠን ማስተካከያ ብቻ ነው የሚደረገው።

ደብተሩን ስታዩ

ቀን፣ ሰዓት፣ የተበላው፣ ግራም፣ ዩኒት፣ በፊትና በኋላ የተለካው። ሁሉም ቁጥር በ0 እና በ5 የሚያልቅ ከሆነ፣ የሁለት ሳምንት ጽሑፍም በአንድ ቀለም በአንድ እጅ ግፊት ከተጻፈ፣ ልጁ ክሊኒክ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሞላው ነው። አትቆጡ፤ በቁጥሩ ምክንያት ሰው ተቆጥቶት ይሆናልና መጀመሪያ ማን እንደተቆጣ ጠይቁት። «320» ብሎ የጻፈ ልጅ ሊመሰገን ይገባዋል። በሌላ በኩል ቆጠራው ወደ አለመብላት የዞረበት ልጅ ወይም ለመክሳት ብላ መርፌ የምትዘል ልጅ ካለች ትምህርቱን አቁማችሁ ከሐኪም ጋር አገናኙ።

በየሦስት ወሩ፣ ወይም ምጣዱ ሲቀየር፣ የጤፍ ዋጋ ጨምሮ ሊጡ ላይ ሌላ ዱቄት ሲቀላቀል፣ ጋጋሪዋም ስትለወጥ፣ ሦስቱ እንጀራ እንደገና ሚዛን ላይ ይውጡና የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ይታረም።